ማሽኑ የት ተማረ?

ስለ ዲፕ ለርኒንግ፣ ስለ ቋንቋና ስለ በሽታ ምርመራ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ታክሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አንድ ወረቀት ይዞ ይወጣል። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ፣ ምን ሲሰማው ተመልሶ መምጣት እንዳለበት፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ የተጻፈበት ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው አስተርጓሚ ካላገኘ ስልኩን አውጥቶ ጽሑፉን በማሽን ያስተረጉማል። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ፈትኖታል። (ለየት አድርጌ ካልጠቀስኩ በቀር ዛሬ የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተመራማሪዎቹ በድንገተኛ ክፍል የተለመዱ ምክሮችን በጎግል ትራንስሌት አስተረጎሙና የየቋንቋው ተወላጆች እንዲመዝኑት አደረጉ። በስፓኒሽ ከመቶው 94ቱ ትርጉም መልእክቱን በትክክል አስተላልፏል። በአርመንኛ 55ቱ ብቻ። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን አይቡፕሮፌን ለሕመሙ እንዳስፈላጊነቱ ይውሰዱ» የሚለው ምክር በአርመንኛ «ለሕመሙ የሚያስፈልግዎትን ያህል ፀረ ታንክ ሚሳይል ይውሰዱ» ሆኖ ወጣ።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይህ ዓይነቱ ስሕተት አይደለም። ፀረ ታንክ ሚሳይል የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው አንድ ነገር እንደተበላሸ ወዲያው ያውቃል፤ ሰው ይጠይቃል። የሚያስፈራው ሲነበብ ደህና የሚመስለው ስሕተት ነው። በአማርኛ «ከምግብ በፊት ይወሰድ» እና «ከምግብ በፊት አይወሰድ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ሁለቱም ቀና ዐረፍተ ነገር ናቸው፤ ማንም አንብቦ አይጠራጠርም።

እንግዲህ ያው ማሽን፣ በዚያው ወቅት፣ ያንኑ ምክር ሲተረጉም አንዱን ቋንቋ 94 ሌላውን 55 ያደረገው ምንድን ነው? ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንን ነው። «ይህ ማሽን ምን ያህል ትክክል ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን መልስ የለውም። የት ተማረ? በማን ላይ ተፈተነ? የሚሠራውስ የት ነው? እነዚህ ካልተጨመሩበት የሚነገረን ቁጥር የእኛ ቁጥር አይደለም። ይህ ለቋንቋም ለበሽታ ምርመራም እኩል ይሠራል፤ ሁለቱን በአንድ ንግግር ያመጣኋቸውም ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ማሽኑ እንዴት እንደሚማር ላስረዳ። የቀድሞው ፕሮግራም ሕግ ይጻፍለት ነበር፤ ይህ ከሆነ ያንን አድርግ ይባላል። ዲፕ ለርኒንግ ግን የሚሰጠው ምሳሌ ነው። ውስጡ በሚሊዮን፣ ዛሬ ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች አሉ፤ ሲጀመር በዘፈቀደ የተሞሉ ናቸው። ምስሉ ወይም ጽሑፉ ራሱ ወደ ቁጥር ተለውጦ ይገባል፣ በእነዚያ ቁጥሮች እየተባዛና እየተደመረ ከንብርብር ወደ ንብርብር ያልፋል፣ በመጨረሻ መልስ ይወጣል። መልሱ ከተሳሳተ ስሕተቱ ወደ ኋላ ይሰላና እያንዳንዱ ቁጥር ስሕተቱን በሚቀንስበት አቅጣጫ በጥቂቱ ይነካል። የድሮውን ሬዲዮ ድምፁ እስኪጠራ ድረስ ቁልፉን በትንሽ በትንሹ ወዲያና ወዲህ እንደማዞር ነው፤ እዚህ ግን ቁልፎቹ በሚሊዮን ይቆጠራሉ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዞራሉ። ይህን የኋልዮሽ ስሌት ሩመልሃርት፣ ሂንተንና ዊልያምስ በ1986 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ካወጡት በኋላ በሰፊው ታወቀ። ከምሳሌ የሚማር ማሽን ሐሳብ ከዚያም ይርቃል፤ ፍራንክ ሮዘንብላት ፐርሴፕትሮን ያለውን የመጀመሪያ ሞዴል ያቀረበው በ1958 ነው።

ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ዓመት ቆየ? ምሳሌና ኃይል ስላልነበረው ነው። በ2012 ኢሜጅኔት በተባለው ውድድር ላይ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክሪዜቭስኪ፣ ሱትስኬቨርና ሂንተን በ1.2 ሚሊዮን ያህል ፎቶግራፎች ያስተማሩትን ባለ ብዙ ንብርብር መረብ ይዘው ቀረቡ። በአንድ ሺህ ዓይነት ነገሮች ላይ ሲፈተን ስሕተቱ 15.3 በመቶ ሆነ፤ ሁለተኛ የወጣው 26.2 በመቶ ነበር። ያሠለጠኑት ለኮምፒውተር ጌም በተሠሩ ሁለት ካርዶች ነበር። የሕክምና ተመራማሪዎችም ያኔ ዓይናቸውን አነሡ። ውሻን ከድመት የሚለይ መረብ የታመመውን ሬቲና ከጤነኛው አይለይም?

ሬቲና በተባለው የዓይን የኋላ ሽፋን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው። የስኳር በሽታ የቆየበት ሰው በዓይኑ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ ደም ያንጠባጥባሉ፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ዓይኑ ወደ መጥፋት ይሄዳል። በጊዜ ከታወቀ ብዙውን ጊዜ ማዳን ይቻላል። ለዚህም ዓይንን ፎቶግራፍ አንስቶ የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል። በ2016 የጎግል ተመራማሪዎች ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ውጤታቸውን አወጡ። 128,175 የሬቲና ምስሎችን 54 የዓይን ሐኪሞች መረመሩላቸው፤ እያንዳንዱ ምስል ከሦስት እስከ ሰባት ጊዜ ታይቷል። ማሽኑ በዚያ ተማረ። ምንም እንዳያመልጠው ተደርጎ ሲስተካከል፣ በአንደኛው መፈተኛ ላይ በሽታው ካለባቸው 97.5 በመቶውን አገኘ፤ ከሌለባቸው 93.4 በመቶውን ነጻ አለ።

እጅግ ደስ የሚል ውጤት ነው። አሁን ግን አብረን እናስላ። አንድ ሺህ የስኳር ሕመምተኞች መጡ እንበል፤ ወደ ስፔሻሊስት መላክ የሚገባቸው 80 ናቸው። ማሽኑ 78ቱን ያገኛል፤ ሁለቱ ያመልጡታል። ከቀሩት 920 ጤነኞች 6.6 በመቶውን፣ ማለትም 61 ሰዎችን፣ በስሕተት ታማችኋል ይላቸዋል። በጠቅላላው 139 ሰው ሪፈር ይጻፍለታል፤ ከእነሱ ከግማሽ የሚበልጡት በእርግጥ የታመሙ ናቸው። ጥሩ።

ያንኑ ማሽን፣ አንዲት ቁጥር ሳይነካ፣ በሽታው ወዳልበዛበት ሌላ ቦታ እንውሰደው። ከአንድ ሺው የታመሙት 10 ብቻ ናቸው እንበል። ማሽኑ አሥሩንም ሊያገኝ ይችላል። ከ990ዎቹ ጤነኞች ግን 65ቱን ይጠራል። ሪፈር ከተጻፈላቸው 75 ሰዎች 65ቱ ምንም የላቸውም። ሰባት ወይም ስምንት ሰው ሥራውን ጥሎ፣ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ ወረፋ ይዞ ሲሄድ የታመመው አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የተቀየረው ፊቱ የቆሙት ሰዎች ናቸው። መሣሪያ ሊገዛ የሚቀርብለት የጤና ባለሥልጣን ሁሉ ይህን ስሌት በገዛ አገሩ ቁጥር ከመፈረሙ በፊት ቢሠራ እጅግ እወዳለሁ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ። ያ ፈተና የተደረገው ጥርት ብለው ሊነበቡ በቻሉ ምስሎች ላይ ነው። ማሽኑ ወደ ታይላንድ ክሊኒኮች ሲሄድ የገጠመው ሌላ ነው። በ2020 የወጣው የተመራማሪዎቹ የራሳቸው ዘገባ እንደሚለው በ11 ክሊኒኮች ከተነሡት 1,838 ምስሎች 21 በመቶው ማሽኑ ሊያነባቸው የማይችል ሆነው ተገኙ። ክፍሎቹ በደንብ አይጨልሙም፤ ዓይን ሲነሣ ደግሞ ብሌኑ እንዲሰፋ ጨለማ ያስፈልጋል። ነርሷ ምስሉን ታያለች፣ ለእሷ ይነበባል፣ ማሽኑ ግን አልቀበልም ይላል፤ ሕመምተኛው ሩቅ ወዳለ ሐኪም ይላካል። ምስሉ የሚሄደው በኢንተርኔት ስለነበር መሥመሩ ሲዘገይ ወረፋውም አብሮ ይዘገያል። አንድ ቦታ ላይ ኢንተርኔቱ ለሁለት ሰዓት ተቋርጦ 200 ሰው ይታይ የነበረበት ቀን በ100 አለቀ። ይህን ጥናት በጣም አከብረዋለሁ። ኩባንያው የራሱን መሣሪያ በሥራ ላይ አጥንቶ ጉድለቱን በአደባባይ አውጥቷል። ከጃማው ውጤት ይልቅ ለአገራችን የሚጠቅመው ይህኛው ነው፤ መብራት፣ ኢንተርኔትና የነርሶች ጊዜ የሚወስኑት ነገር እዚህም ያው ነውና።

ማሽኑ ያላሰብነውን ሊማር እንደሚችልም መታወቅ አለበት። በ2018 የታተመ የሳንባ ምች ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከሦስት ተቋማት የተገኙ የደረት ራጆችን አገናኙ። ኒው ዮርክ ከሚገኘው ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ከመጡት ራጆች 34.2 በመቶው የሳንባ ምች ያለባቸው ነበሩ፤ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ከመጡት 1.2 በመቶው ብቻ። ማሽኑ ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ያለ ስሕተት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይለያል። ከምን? የራጅ ባለሙያው ቀኝና ግራን ለመለየት ጥግ ላይ ከሚያስቀምጠው የብረት ምልክት፣ አልጋ ላይ ለተኙ ሕመምተኞች ከሚያገለግለው ተንቀሳቃሽ ራጅ አሻራ። ሆስፒታሉን ካወቀ ሳንባውን በደንብ ሳያይ ግማሽ መልሱን አግኝቷል ማለት ነው። በተማረበት ቤት ፈተናውን ያልፋል፤ ሌላ ቤት ሲሄድ ግን ነጥቡ ዝቅ ይላል። በ2016 ጄፍሪ ሂንተን የራዲዮሎጂ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ከአሁኑ መቆም አለበት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብለው ነበር። ሂንተን በ2024 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተጋሩ ታላቅ ሳይንቲስት ናቸው፤ አምስቱ ዓመት ግን አልፎ ራዲዮሎጂስት አሁንም ተፈላጊ ነው። የፈተና ውጤትና የሥራ ቦታ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

ስለ መልክና ቆዳም ያው ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቦላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ከፎቶ ጾታን የሚለዩ የንግድ ሥርዓቶች ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሳሳቱ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳቱ ነበር። በቆዳ በሽታ ላይ ለሚሠሩ ማሽኖች የሚነሣው ጥያቄ ከዚህ አይለይም።

አሁን ወደ ቋንቋ ልምጣ። «ሐኪሙ ነገ ተመለሽ አለ» እና «ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ አለ» የሚሉትን ተመልከቱ። «አለ» በሁለቱም አንድ ዓይነት ተጽፏል፤ ስናነበው ግን አንዱን እናላላለን፣ ሌላውን እናጠብቃለን። ፊደላችን ማጥበቅን አያሳይም። እኛ የምንለየው ከዙሪያው ቃላት ነው። ማሽንም እንዲሁ እንዲያደርግ ያስቻለው ግኝት በ2014 ባህዳናው፣ ቾና ቤንጂዮ ያቀረቡት፣ በ2017 ደግሞ የጎግል ተመራማሪዎች ትራንስፎርመር ብለው የገነቡበት ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ቃል በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ቃላት እያየ የትኛው ለትርጉሙ እንደሚያስፈልገው ይመዝናል። «አለ» ወደ «ተመለሽ» ሲያይ ንግግር ይሆናል፤ ወደ «ውስጥ» ሲያይ መገኘት ይሆናል። ቻትጂፒቲን የመሳሰሉት ሁሉ በዚህ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

ምዘናውን የሚማረው ግን ካነበበው ጽሑፍ ነው። በ2019 የፌስቡክ ተመራማሪዎች 100 ቋንቋ ያስተማሩት አንድ ሞዴል ለእንግሊዝኛ 300 ጊጋባይት ያህል ጽሑፍ ሲያገኝ ለአማርኛ ያገኘው 0.8 ጊጋባይት ነበር። ከ370 እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። በዚያ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ያለችን ጥቂት ጽሑፍም ብዙ ድርሻዋ ዜናና የሃይማኖት ጽሑፍ ነው። እነዚህን ማንበብ መልካም ነው፤ የጤና ጣቢያ አማርኛ ግን በውስጣቸው የለም።

የቋንቋችንም ጠባይ ማሽኑን ብዙ ያስለፋዋል። «ስላልነገርኳቸው» በምንላት አንዲት ቃል ምክንያቱም፣ አሉታውም፣ ድርጊቱም፣ አድራጊውም፣ የሚደረግላቸውም አሉ። «አልወሰድኩትም» ስንል አሉታው ቃሉን ከፊትና ከኋላ ይዞታል። «መድኃኒት» ደግሞ «መድሃኒት» ተብሎም «መዳኒት» ተብሎም ይጻፋል፤ ማሽኑ በቂ ምሳሌ እስኪያይ ድረስ እንደተለያዩ ቃላት ይቆጥራቸዋል። ይህ ሁሉ የሚፈታ ነው። በ2019 የተመሠረተው የአፍሪካውያን ተመራማሪዎች ማኅበረሰብ ማሳካኔ፣ አስመላሽ ተካ ሃድጉ ከባልደረቦቹ ጋር የጀመረው የማሽን ትርጉም ድርጅት ሌሳን፣ በየዩኒቨርሲቲያችን ያሉ መምህራንና ተማሪዎች በዚሁ ላይ እየደከሙ ነው። ከሚገባቸው ያነሰ እርዳታ እንደሚያገኙ ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

በሽታና ቋንቋ የሚገናኙት ሕመምተኛው አፉን ሲከፍት ነው። አንዲት እናት ሐኪም ፊት ተቀምጠው የሚሉትን አስቡ። ይወጋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ያጥወለውለኛል። ልምድ ያለው ሐኪም «ጎኔን ይወጋኛል» ሲባል ከ«ጎኔን ያቃጥለኛል» ለይቶ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። አንዷ ቃል ወደ ሳንባ፣ ሌላዋ ወደ ነርቭ ልትመራው ትችላለች። ሁሉንም «ያመኛል» ብሎ የሚተረጉም ማሽን ሐኪሙን ግማሽ ደንቆሮ ያደርገዋል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ማሽኖች በሆስፒታሎች ውስጥ መግባት ጀምረዋል፤ ዊስፐር በተባለው ላይ በ2024 የወጣ ጥናት ከመቶ አንድ በሚሆነው ቅጂ ውስጥ ማንም ያልተናገረው ሙሉ ሐረግ ተፈጥሮ መግባቱን አሳይቷል። ይህም ረጅም ዝምታ ባለበት፣ ለመናገር በሚቸገሩ ሰዎች ላይ ይበረታ ነበር። ሕመምተኛ ደግሞ ዝም ይላል፤ ያስባል፣ ያፍራል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል። ጥናቱ የተደረገው በእንግሊዝኛ ነው። ማሽኑ ብዙ ባልሰማው ቋንቋ ላይማ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ የዛሬ ጉዳይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከምታገለግላቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በ2024 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የጤና ደንብ ደግሞ በማሽን የተተረጎመ ወሳኝ ጽሑፍ በብቁ ሰው መታየት አለበት ይላል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው፤ በሆስፒታል አስተርጓሚ መጠየቅ መብታቸው ነው፣ ስልክ የሚተካው አይደለም።

እኛ ጋስ? ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ጫና ከፍተኛ ነው ካላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ድርጅቱ በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለቲቢ ሲመረመሩ የደረት ራጅን በሰው ፈንታ ማሽን ሊያነበው እንደሚችል አሳውቋል። ይህ ትልቅ በር ነው፤ ራዲዮሎጂስት በሌለበት ወረዳ ራጅ ተነሥቶ በደቂቃ ውስጥ ማን አክታ መስጠት እንዳለበት ይታወቃል። ይህንን መሣሪያ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ማሽኑ ግን «አለበት» ወይም «የለበትም» ብሎ አይመልስም፤ ነጥብ ይሰጣል። ከስንት ነጥብ በላይ ያለው ሰው አክታ ይስጥ የሚለውን የሚወስነው አገሩ ነው። ድርጅቱም ለዚሁ መለኪያ የሚሆን የአሠራር መመሪያ አብሮ አውጥቷል። ገደቡ ዝቅ ካለ ላቦራቶሪው ይጨናነቃል፤ ከፍ ካለ የሚያስል ሰው ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ቀድሞ ቲቢ ታክሞ ሳንባው ላይ ጠባሳ የቀረ ሰው፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነጥባቸው አንድ ዓይነት አይሆንም።

ገደቡን ለመወሰን የሚያስፈልገው ነገር ሩቅ አገር ያለ አይደለም። ዲጂታል ራጅ ባላቸው ሆስፒታሎቻችን ምስሎቹ አሉ፤ የቲቢን ባክቴሪያ የሚለየው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ የአክታ ውጤትም በላቦራቶሪ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሁለቱን ስም ከላያቸው ተሰርዞ በአንድ የሕመምተኛ ቁጥር ማገናኘት፣ ማሽኑን በእነሱ ላይ መፈተን፣ ውጤቱን ለሕዝብ ማውጣት ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ይህን ሥራ አይከለክልም፤ በሥርዓት እንዲሠራ ያስገድዳል እንጂ። የሕመምተኞችን ንግግርም በፈቃዳቸው፣ በጎንደርም በወሎም በሸዋም አነጋገር፣ ነርሶችና የቋንቋ ባለሙያዎች አብረው ሊመዘግቡት ይችላሉ። መሣሪያ ሻጭ ሲመጣ በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ገደቡ በኢትዮጵያውያን ራጅ ይለካ፣ ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር እንደገና ይለካ፣ ያመለጡት ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ለጤና ሚኒስቴር ይቅረብ።